ቤት ለቤት የሰፈር ጥናት በዱ ቦይስ አሠራር

ጥቁር አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዊሊያም ዱ ቦይስ በአሜሪካዋ ከተማ ፊላደልፊያ ውስጥ ሰባተኛው ዋርድ በሚባለው ቀጠና የሚኖሩ ጥቁሮችን ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1896 ሲነሡ፣ በየደጁ እየዞሩ 2,500 ያህል ቤተሰቦችን ያነጋገሩት ራሳቸው ነበሩ። ጥናቱ በ1899 ታተመ፤ አሠራሩ ግን ዛሬም ይሠራል።

መጀመሪያ ወሰን ያስምሩ። የእሳቸው ከስፕሩስ ጎዳና እስከ ሳውዝ ጎዳና፣ ከሰባተኛው ጎዳና እስከ ስኩልኪል ወንዝ ነበር። ወሰን ከሌለ የሚጠናው በሩን የከፈተው ሰው ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ ቅጽ ነው። ጥያቄውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አያጭቁት። ዱ ቦይስ ስድስት ቅጽ ነበራቸው፦ የቤተሰብ፣ የግለሰብ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የመንገድ፣ የተቋማት፣ እንዲሁም አሠሪያቸው ቤት የሚያድሩ የቤት ሠራተኞች። የቤተሰቡ ቅጽ ዕድሜን፣ የትውልድ ቦታን፣ ማንበብና መጻፍን፣ ሥራንና ገቢን ይይዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመኖሪያ ቤቱ ቅጽ ነው፤ የክፍሎች ብዛት፣ ኪራይና ደባል ጎን ለጎን ካልተጻፉ ቤተሰቡ ኪራዩን በምን እንደሚችለው አይታወቅም። ደባሉ ደግሞ በቤተሰቡም በግለሰቡም ቅጽ ገብቶ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር!

ለአንድ ቤት ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይያዙ፤ የእሳቸውም አማካይ ይኸው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው የቤቱ እመቤት ስለሆነች፣ ስለ ባሏ ገቢ የነገረችዎትን ከሥራው ዓይነትና ከተለመደው ደመወዝ ጋር ያመዛዝኑ።

መልስ የሚዛባበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። ዕድሜ ወደ ሙሉ አሥር ይጠጋል፦ 38 የሆነው 40 ይላል። ዱ ቦይስ «ባሌ ሞቷል» ካሉት ሴቶች መካከል ባላቸው ጥሏቸው የሄደ ወይም ጭራሹን ያላገቡ እንዳሉ ተረድተዋል። ደጃፍ ላይ ቆሞ መከራከር በር ያዘጋል እንጂ እውነቱን አያወጣም። መልሱን እንደተሰጠ ይጻፉና ጥርጣሬዎን በኅዳጉ ያስፍሩ፤ በኋላ ከልጆቹ ዕድሜ ጋር ይመሳከራል።

በመጨረሻ ካርታ። ዱ ቦይስ ቤቶቹን በአራት ማኅበራዊ ደረጃ ከፍለው በቀለም ለዩ። ቀለሙን ይውሰዱ፣ ደረጃውን ግን ይተዉ፤ አራተኛው «ወንጀለኛና ብልሹ» የሚል ስለነበር ልኬት ሳይሆን ፍርድ ነው። ይልቅ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር ቆጥረው በዚያ ያቅልሙት።