መሪው ሲላላ፦ በሪኮልና በርካሽ ጥገና ዙሪያ የሚሠሩ ስህተቶች

ፋብሪካው የሸጠው መኪና ላይ ጉድለት ሲገኝ ባለቤቶቹን ጠርቶ በነጻ የሚጠግንበት አሠራር ሪኮል ይባላል። ነጻ ስለሆነ ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካው የሚያስተካክለው ያመነውን ጉድለት ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያስተካክለው ሕጉ እስካላስገደደው ድረስ በትንሹ ወጪ ነው። ያገለገለ ፒካፕ ወይም ቀላል የጭነት መኪና አስመጥቶ ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚነዳ ሰው ነጻ ጥገናንና ሙሉ ጥገናን ለይቶ ማወቅ አለበት።

«ደብዳቤ አልደረሰኝም» ብሎ መተው

የሪኮል ደብዳቤ የሚሄደው መኪናው በተሸጠበት አገር ለተመዘገበው ባለቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት አይደርሰውም። ስለዚህ ፍለጋው የራስዎ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ብቻ አይገልብጡ፤ መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክሩት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም። ሊብሬው ላይ «ኦ» የሚመስል ካዩ ዜሮ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ግን ቁጥሩ አጭር ስለሆነ የአሜሪካው መፈለጊያ አያውቀውም፤ በአምራቹ የጃፓን ገጽ ላይ ነው የሚፈለገው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱን ሲያነብ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ በቁጥሩ የሚያሳየው ገና ያልተጠገነውን ሪኮል ነው። «የለም» የሚል መልስ «ተጠግኗል» ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሞዴሉና በዓመቱ ጭምር ይፈልጉ፤ ተጠግኗል የተባለውን ክፍል ደግሞ ስር ገብተው በዓይን ይዩት።

የፋብሪካውን ብየዳ እንደ መጨረሻ መፍትሔ መቀበል

ይህ ሰፋ አድርጎ ማየት የሚያስፈልገው ነው። የመኪና አምራቹ ፊያት ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ወደ 660,000 የሚጠጉ ከባድ ራም ፒካፖችን ጠራ፤ ራም 2500 እና 3500 ዋናዎቹ ሲሆኑ ሞዴላቸው ከ2013 እስከ 2017 ነው። ችግሩ የመሪ ሳጥኑን (የእጀታውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን የጥርስ ሳጥን) ክንድ ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ላይ ነበር። ዘንጉ ርዝመቱ እንዲስተካከል መሐሉ ላይ ጥርስ ያለው ቱቦ አለው፤ ቱቦውን ባለበት የሚይዙት መቆለፊያ ዳዶዎች ናቸው። ዳዶው ከላላ ጥርሱ በንዝረት ይበላል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ይለያያል። ያን ጊዜ መሪው ይዞራል፣ ጎማው አይሰማም።

የተሰጠው መፍትሔ ዘንጉን ፈትሾ ጥርሱ ካልተበላ ዳዶውን ከቱቦው ጋር መበየድ፣ ከተጎዳ ደግሞ መቀየር ነበር። ብየዳው ዳዶው እንዳይላላ ያደርጋል፤ እዚህ ላይ ሐሜት አያስፈልግም። ባለቤቶችን ያስቆጣው ሌላው ነው፦ የተበየደ ዘንግ ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ያለቁ መጋጠሚያዎች ይቀየራሉ፣ ቀጥሎ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራል፣ ከዚያ የመሪው እጀታ መሐል ላይ እንዲቆም ዘንጉ ይስተካከላል፣ በመጨረሻ ይበየዳል። አስቀድሞ ከተበየደና እጀታው ጠሞ ከቀረ፣ እጀታውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ መግጠም መፍትሔ አይደለም። የመሪ ሳጥኑ መሐል ከጎማው ቀጥታ ጋር እንደተዛነፈ ይቀራል፤ የመሪ አንግል የሚያነብ ሴንሰር ያለው መኪና ደግሞ ቀጥ ብለው ሲሄዱ እየታጠፉ ነው ብሎ ያስባል። ትክክለኛው መንገድ ዘንጉን መቀየር ነው።

«ፋብሪካው ከበየደ እኛም እንበይድ»

የፋብሪካው ብየዳ አንድ ዳዶ፣ አንድ ቱቦ፣ የተለካ ቦታና የተለካ ሙቀት ነው። ሰፈር ያለው በያጅ ያለቀ ቴስቲና (በመሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ)፣ የተሰነጠቀ ክንድ ወይም የጎበጠ ዘንግ ላይ ሲበይድ ግን ሥራው ሌላ ነው። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይጠነክርና ይሰባበራል፤ በቴስቲናው ውስጥ ያለው ግራሶና የፕላስቲክ መቀመጫ ይቀልጣል። ያለቀ ቴስቲና እየላላ ያስጠነቅቃል፤ የተበየደ ክንድ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። የመሪ ክፍል ይቀየራል እንጂ አይበየድም።

መሪው ሲላላ የመሪ ሳጥኑን ብሎን ማጥበቅ

ጋራዥ ውስጥ ከሁሉ የሚዘወተረው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቁልፍና አንድ ጠመንጃ መፍቻ ይበቃዋል። ባለቤቱም ወዲያው ልዩነት ስለሚሰማው አመስግኖ ይሄዳል። የሳጥኑ ጥርሶች የሚጣበቁት መሪው መሐል ላይ ሲሆን ነው። ጎማው ታጥፎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መሪው ወደ መሐል ሲመለስ ይነክሳል፤ ከኩርባ በኋላም በራሱ አይመለስም። ቀስ እያለም ጥርሱን ይበላል።

መጀመሪያ ልቅነቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። ሞተሩን አስነስተው ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መሬት ላይ እንዳሉ የእጀታውን ባዶ እንቅስቃሴ ይለኩ። 50 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው እጀታ ላይ ጎማው ሳይነቃነቅ ጫፉ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ከሄደ ችግር አለ። ከዚያ አንድ ሰው እጀታውን ግራ ቀኝ በአጭሩ ያወዛውዝ፣ ሌላው ስር ሆኖ እያንዳንዱን ቴስቲና በእጁ ይዳስስ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ይህን መፈተሽ ከንቱ ነው፤ ክብደቱ ሳይኖር ልቅነቱ ይደበቃል።

ለፔርኖ (የፊት ጎማው ግራ ቀኝ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) እና ለኩሽኔታ ግን ጎማውን ያንሡና ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ቢንቀሳቀስ ሌላ ሰው ፍሬን ይያዝ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ፔርኖው።

ንዝረትን በመሪ ሾክ መሸፈን

ጉድጓድ ሲመቱ የፊት አክስሉ በሙሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የመሪውን ሾክ መቀየር ያረጋጋዋል። ፋብሪካም ይህን መንገድ ይወዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለጂፕ ራንግለር የተሰጠው መልስ አዲስ ሾክ ነበር። ሾኩ ግን ንዝረቱን ይውጣል እንጂ መነሻውን አያጠፋም። ያለቀ ቴስቲና፣ የላላ የአክስል መያዣ ብሎን፣ ባላንስ ያልተሠራ ጎማ ከሥሩ ካለ በአዲሱ ሾክ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ዕቃውን በስም ብቻ መግዛት

የመኪና ዕቃ መሸጫው ሱማሌ ተራ ሲገቡ «የዚህ መኪና ቴስቲና» ማለት አይበቃም። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የጥርሱን አቅጣጫ (አንደኛው ጫፍ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው)፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ሾጣጣ ጫፍ ውፍረትና የጎማ ሽፋኑን ያመሳክሩ። ሾጣጣው ቀዳዳው ውስጥ በእጅ ሲገባ የሚወዛወዝ ከሆነ አይቀበሉ። አንድ የቋንቋ ወጥመድም አለ፦ በእኛ ዘንድ «ፎርጅድ» የውሸት ማለት ነው፣ በብረት ሥራ ግን ተቀጥቅጦ የጠነከረ ማለት ነው። ሻጩ «ፎርጅድ ነው» ቢልዎ አይደንግጡ፤ ያልሆነ ዕቃ ላይም ቃሉ ሊጻፍ ስለሚችል ግን አይተማመኑበት።

አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት ቦታውን በቀለም ያመልክቱ፣ ሲፈቱትም ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩ፤ አዲሱን በዚያው ልክ ይግጠሙ። ይህ ወደ አላይመንት መሥሪያው ለመድረስ ያህል ነው እንጂ አላይመንቱን አይተካም። የዳዶው ቀዳዳ ከመቆለፊያ ፒኑ ጋር ካልገጠመ ወደፊት ያጥብቁ፤ ቀዳዳውን ለማግኘት ብሎ ማላላት ክልክል ነው። ፒኑም አዲስ ይሁን። ምስማርና የአጥር ሽቦ ፒን አይሆኑም።

ለመሪ የፍሬን ዘይት መጨመርም ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ በመሪ ዘይቱ ማሰሮ ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ።

ሥራው ሲያልቅ በእያንዳንዱ ዳዶና በዘንጉ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ስር ገብተው ይዩ፤ መስመሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተዛነፈ ዳዶው ተንቀሳቅሷል፣ መኪናው ከዚያው አይነሣ።