ወደ ሎስ ባኞስ ስትመለሱ

አባቴ ስለ ሩዝ ሊማር ፊሊፒንስ ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ልጅነቴ እዚያው፣ ሎስ ባኞስ ከተማ ቀረ። ከ30 ዓመት በኋላ ስመለስ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማኒላ፣ ቡዌንዲያ አካባቢ፣ በሎስ ባኞስ አልፎ ወደ ሳንታ ክሩዝ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዙ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ትራፊኩ ጉድ ነው፤ በጠዋት ውጡ።

የድሮ ቤታችሁን መጀመሪያ አትፈልጉ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሬ ያገኘሁት ፎቅ ነው። ይልቅ ከማይነቃነቀው ጀምሩ፤ ከማኪሊንግ ተራራ። እሱን በዓይናችሁ ከያዛችሁ አቅጣጫው ራሱ ይመጣላችኋል።

ከዚያ ጂፕኒ፣ ማለትም የፊሊፒንስን የከተማ ታክሲ ተሳፈሩ። ከሹፌሩ ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ሳንቲሙን ለጎናችሁ ሰው አቀብሉና «ባያድ ፖ» በሉ። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያደርሱላችኋል፤ መልሱም እንደዚያው ይመጣል። ለመውረድ «ፓራ ፖ» ነው። «ፖ» እንደኛ አንቱታ ናት። እኔ ረስቻት አንዲት እናት በዓይናቸው ገረፉኝ! ልክ እንደ አክስቴ።

በመጨረሻ ቡኮ ፓይ ግዙ፤ የለጋ ኮኮነት ፓይ ማለት ነው። ካርቶኑ ከስሩ እጃችሁን ካላሞቀ ትኩስ አይደለም፣ ተዉት። ለቤተሰብ ብዬ የገዛሁትን ግማሹን አውቶቡስ ላይ ጨረስኩት።