ነስር ሲመላለስ፦ ጤና ጣቢያ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ነስር የያዘው ሰው ገና ከበር ሲገባ አንዱ «ቀና በል!» ይለዋል፤ ሌላው አናቱ ላይ ውኃ ያፈስበታል። ቤተሰብ ቢያደርገው አይገርምም። ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያደርገው ግን ያናድዳል። ቀና ያለ ሰው ደሙን ይውጣል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ትውከቱ ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ያሸብራል። ቁጭ ይበል፣ ወደ ፊት ያዘንብል፣ በአፉ ይተንፍስ፣ አፉ ውስጥ የገባውን ይትፋ።

የአፍንጫውን አጥንት መጫን ዋጋ የለውም። አብዛኛው ነስር የሚመጣው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ከፊተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ለስላሳውን የታችኛውን ክፍል ጥብቅ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ ነው። ሰዓት እያዩ! «ቆመ እንዴ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ የለም።

«የደም ግፊቱ ነው» ብሎ መደምደምም አለ። የደነገጠ ሰው ግፊቱ ይጨምራል። ደሙን አቁሙ፣ ሲረጋጋ እንደገና ለኩ፣ ያኔም ከፍ ካለ በቀጠሮ ይከታተል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ አፍንጫውን ሳያዩ ማከም። ነስር የተባለ ሁሉ ቫይታሚን ኬ ይወጋል። ለምን? ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ወይም ጉበቱ የታመመ ካልሆነ ምን ይሠራለታል? መርፌው ተወጋ፣ ደሙም በራሱ ጊዜ ቆመ፣ ምስጋናው ለመርፌው ሆነ። በሳምንቱ ያው ሰው ይመለሳል፤ ያው መርፌ ይደገማል። አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጣች። የሚደማው ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ የደም ማነስ ኪኒን ተደጋግሞ ታዟል፤ ውኃ ከየት እንደሚጠጣ የጠየቀ ግን የለም። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ከምንጭ ጎንበስ ብሎ ነው የሚጠጣው። በባትሪ ስናይ አልቅቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ባትሪ እኮ ነው የጠፋው! በሕፃን ላይ ደግሞ ከአንድ ወገን የሚሸት ፈሳሽ ከደም ጋር ካያችሁ፣ የገባ ባቄላ ወይም ዶቃ ፈልጉ።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ የሚመላለሰው ነስር ብዙ ጊዜ ጥፍር በመቁረጥና ጠዋት ማታ ቀለል አድርጎ ቫዝሊን በመቀባት ይሻለዋል። የሚደማውን ቦታ በሲልቨር ናይትሬት (በሚያቃጥል ኬሚካል) የምታቃጥሉ ካላችሁ፣ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን አትንኩ፤ ግድግዳው ሊበሳ ይችላል።

ሪፈር ማዘግየት ሌላው ነው። ተይዞም ጎዝ ተጠቅጥቆም ካልቆመ፣ ደሙ በጉሮሮ በኩል የሚወርድ ከሆነ፣ ሰውየው ከገረጣና የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጫ መስመር ክፈቱና ወዲያው ላኩ። አንዱ አፍንጫው የታፈነ የሚደማ ጎረምሳ ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ ውስጥ እብጠት ካለ ቆንጥራችሁ ናሙና አትውሰዱ፣ ደሙ የማይቆም ሊሆን ይችላል። አንድ ወገን የታፈነበት፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለው ወይም ጆሮው የደፈነበት አዋቂም እንዲሁ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያለምክንያት አይነስረውም፤ ላኩት። ድድ የሚደማ ወይም ቆዳ ላይ የሚበልዝ ካለ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ይታይ። ከመተማ ወይም ከሑመራ የመጣ፣ ትኩሳቱ የቆየ፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ከሆነ ደግሞ ካላዛርን (በእነዚያ ቆላ ቦታዎች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ) አስቡ።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ነስር» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ስንት ጎዝ በስንት ሰዓት እንዳስገባችሁ ጻፉ። ተቀባዩ ሐኪም ሁለቱን አውጥቶ ሦስተኛው ውስጥ ሊቀርበት ይችላል።