ብዕርዎ አይንጠፍ ብቻ አይበቃም፦ ተማሪዎች ላነበቡት ልብ ወለድ ደራሲ እንዴት ይጻፉ?

መጀመሪያ ስሞክረው ከሽፎብኛል። በሰፈራችን የቅዳሜ ንባብ ክበብ ልጆቹ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ አንብበው ጨረሱ። "በሉ እንግዲህ ለደራሲዋ ደብዳቤ ጻፉ" አልኳቸው። 14 ደብዳቤ ደረሰኝ። 11ዱ "መጽሐፍዎ እጅግ አስተማሪ ነው" ይላሉ። ዘጠኙ "ብዕርዎ አይንጠፍ" ብለው ያልቃሉ። ሁለቱ ደግሞ "ውድ አቶ" ብለው ይጀምራሉ። ደራሲዋ ሴት ናት።

ደብዳቤዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን የመጽሐፉን ርዕስ አውጥታችሁ የሌላ መጽሐፍ ርዕስ ብትከቱበት ምንም አይናጉም። ልጁ ማንበቡን እንኳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ቀየርኩ። አስተማሪ ብትሆኑ፣ ወላጅ ብትሆኑ፣ ክበብ ብትመሩ እንዲህ ሞክሩት።

1. መጽሐፉን ምረጡ

ለዚህ ሥራ አስማትና ዘንዶ የሌለበት፣ ልጆቹ በሚያውቁት ዓይነት ኑሮ ላይ የቆመ ታሪክ ይሻላል። የሰፈር ጠብ፣ የቤት ጣጣ፣ ጓደኝነት፣ ድህነት። እኔ የምጠቀመው የኤስ. ኢ. ሂንተንን "ዘ አውትሳይደርስ" ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። መነሻው ደራሲዋ ያደገችበት የአሜሪካ ከተማ ተልሳ፣ ኦክላሆማ ነው። በአንድ ወገን ፀጉራቸውን ቅባት የሚቀቡ የድሃ ሰፈር ልጆች አሉ፣ "ግሪዘርስ" ይባላሉ። በሌላ ወገን ሀብታሞቹ "ሶሾች"። የሚተርክልን የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ ነው። እናትና አባቱ በመኪና አደጋ ሞተው የ20 ዓመቱ ወንድሙ ዴሪ ያሳድገዋል።

እንግሊዝኛው አያስቸግርም። ድብድብና ሞት ግን አለበት። ስለዚህ ለልጆች ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ፊልሙን ማየት አይቆጠርም።

2. ሲያነቡ የቆሙበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ

መጽሐፉ 12 ምዕራፍ ነው። በሳምንት ሦስት ሦስት ካነበቡ በአራት ሳምንት ያልቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ወረቀቶች ስጡ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የተናደደበት፣ የሳቀበት፣ ያልገባው ወይም "ይሄማ ውሸት ነው" ያለበት ገጽ ላይ ወረቀት ይሰካና ሁለት ሦስት ቃል ይጻፍበት። አንድ ልጅ "ሼም ነው" ብቻ ጽፎ አመጣልኝ። በቂ ነው። በኋላ ደብዳቤው ከዚያች ወረቀት ላይ ነው የሚነሳው።

3. ተጨቃጨቁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትምህርት ቤት የለመድነው "ጭብጡ ምንድን ነው? መቼቱስ?" መባልን ነው። ልጁም የለመደውን ይመልሳል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። እኔ ጥያቄውን ወደ ፍርድ ቀይሬዋለሁ፦ እዚህ ጋ ማን ነው ያጠፋው?

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፖኒቦይ ውጭ እንቅልፍ ወስዶት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤት ይገባል። ዴሪ ሲጠብቀው ቆይቷል። ይጮህበታል፣ ከዚያ በጥፊ ይመታዋል። ፖኒቦይ ከቤት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዓት ሁሉ ከዚያች ጥፊ ይጀምራል።

መጽሐፉ የሚተረከው በፖኒቦይ አፍ ስለሆነ አንባቢው ቶሎ ለእሱ ያደላል ብዬ ነበር። የእኛ ልጆች ግማሾቹ ለዴሪ ቆሙ። "ታላቅ ወንድም እኮ አባት ነው" አለች አንዷ። ኮሌጁን ትቶ ጣሪያ ሲሠራ የሚውለው ለማን ብሎ ነው? ወንድማማቾቹ ካጠፉ ባለሥልጣናት እንደሚለያዩዋቸው እያወቀ አይደል የሚጮኸው? ሌላው ልጅ ደግሞ "እኔንም ወንድሜ እንዲህ ነው የሚያሳድገኝ፣ ቢሆንም ጥፊው ልክ አይደለም" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዓታችን አልቆ ጥበቃው በሩን ሲያንኳኳ ገና አልጨረስንም ነበር።

ደራሲ ማንበብ የሚፈልገው ይሄንን ነው ብዬ አምናለሁ። ተልሳ ላይ የተጻፈ ጥፊ አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንዳስነሳ። እናንተ አትፍረዱ፣ ማን ምን እንዳለ ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

4. ስለ ደራሲዋ አንድ ገጽ ይሰብስቡ

ኢንተርኔት ላይ በሁለት ደቂቃ የሚገኝ ነገር ለደራሲ በደብዳቤ አይጠየቅም። "መቼ ተወለዱ? ስንት መጽሐፍ ጻፉ?" የሚለውን እዚህ ደረጃ ላይ እንጨርሰዋለን።

የሂንተን ታሪክ ደግሞ ለልጆች ይጥማል። መጽሐፉን የጀመረችው በ15 ዓመቷ፣ ገና ተማሪ ሳለች ነው። ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። እየጻፈች በነበረበት ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው "ዲ" ነው። (ይህን ስነግራቸው የሚሰማውን ጫጫታ ብትሰሙት!) ስሟ በሁለት ፊደል የታጠረው ደግሞ በአሳታሚዋ ምክር ነው። ወንድ ሐያሲያን ሴት የጻፈችው መሆኑን ካወቁ ይንቁታል ተብሎ ተፈርቶ። "ውድ አቶ" ያሉት ሁለቱ ልጆቼ እንግዲህ ብቻቸውን አልተሳሳቱም።

5. ይጻፉ

መጀመሪያ በአማርኛ። ሐሳቡ ከያዘ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። "እርስዎ" ወይስ "አንቺ" የሚል ክርክር ይነሳል፣ የ15 ዓመት ልጅ ናት የጻፈችው ብለው "አንቺ" የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለዱ ትልቅ ሰው መሆናቸውን አስታውሱና እለፉ፣ እንግሊዝኛው ራሱ ይገላግላችኋል። "ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ" የሚለውም ይቅር።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ወረቀት የተሰካበትን አንድ ገጽ ይምረጥና እዚያ ምን እንደተሰማው፣ ከራሱ ሕይወት ምን እንዳስታወሰው ይጻፍ። ያልተስማማበት ካለ በጨዋነት ይናገር። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ። ታሪኩን መልሶ አይተርክላት፣ እሷ ታውቀዋለች።

ልዩነቱን እዩት። "የዴሪ ገጸ ባሕርይ በጣም ደስ ይላል" ያለ ልጅ እንደገና ሲጽፍ እንዲህ አለ፦ "ዴሪ ሲመታው መጽሐፉን ዘጋሁት። ወንድሜ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበ ነበር። ሳላናግረው ብዙ አየሁት።" ሁለተኛው የማንም አይደለም፣ የእሱ ነው።

ናሙና ካስፈለገ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ላላነበባችሁ ይቅርታ፣ ጫፉን ልነግራችሁ ነው። ተደብቀው ሳሉ ፖኒቦይ ለጓደኛው ለጆኒ አንድ አጭር ግጥም በቃሉ ይወጣለታል። ጆኒ ያን ጊዜ ብዙ አይናገርም። በኋላ ግን ስለ ግጥሙ ሲያስብ ቆይቶ የገባውን በደብዳቤ ይጽፍና አብረው ሲያነቡት በነበረው መጽሐፍ ውስጥ ይተውለታል። ፖኒቦይ የሚያነበው ጆኒ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ያልተማረ የሚመስል ልጅ ለግጥም የሰጠው ምላሽ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

6. ላኩት

የአሳታሚው አድራሻ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል። የሁሉንም ደብዳቤ በአንድ ፖስታ፣ ከመሪው አጭር መግቢያ ጋር ላኩ። የልጆቹ የቤት አድራሻና ስልክ አይጻፍ። የአማርኛ ልብ ወለድ ከሆነ ያነበባችሁት ነገሩ ይቀልላል፣ ብዙዎቹ መጻሕፍት የደራሲውን ስልክ ወይም ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይዘው ነው የሚታተሙት። ደውሉና ቅዳሜ ይምጡልን በሉ።

መልስ ይመጣል ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። አንዳንዴ ደብዳቤ ያልታሰበ ቦታ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ አካባቢ የሎን ስታር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህንኑ መጽሐፍ ወደውት ፊልም ይሁንልን ብለው ተፈራረሙ። ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ሆነው ለፊልም ዳይሬክተሩ ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጻፉ፣ አንድ ቅጂም አብረው ላኩ። ዳይሬክተሩ አነበበው፣ ተልሳ ሄዶ ቀረጸው፣ ፊልሙ በ1983 ወጣ። ልጆቹ የጻፉት "ብዕርዎ አይንጠፍ" ብለው አልነበረም፣ የሚፈልጉትን ነገር ለይተው ነው የጠየቁት።

"ምንም የምጽፈው የለኝም" የሚል ልጅ ሲገጥማችሁ

ሁልጊዜ አንድ አለ። አትቆጡት። ፖኒቦይም መጨረሻው አካባቢ ነጥቡ ወርዶ በእንግሊዝኛ ሊወድቅ ነው። መምህሩ ጥሩ ድርሰት ካመጣህ አሳልፍሃለሁ ይለዋል። ርዕስ ይጠፋበታል፣ ቀናት ይሄዳሉ፣ በመጨረሻ ቁጭ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ከሲኒማ ቤት ጨለማ ወደ ፀሐይ ስለ መውጣት። ለዚያ ልጅ ይህን የመጨረሻ ገጽ አንብቡለትና መጽሐፉን እጁ ላይ ስጡት። የመጀመሪያውን ገጽ ራሱ ይግለጠው።