ቤት ሲገቡ የሚጀምር ማስነጠስ፦ ችግርና መፍትሄ ለአዳማ ቤቶች

አዳማ ውስጥ አፍንጫው የሚፈስ ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። ካልሆነም «ብርድ መታኝ»፤ ያውም በዚህ ሙቀት! እኔም ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ እያልኩ ኖሬያለሁ። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ይለቃል፤ ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠምም ሊኖረው ይችላል። ሳምንታት አልፎም የማይለቅ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ ያለው፣ አፍንጫና ዓይን የሚያሳክክ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አከታትሎ የሚያስነጥስ ከሆነ ግን አለርጂን ይጠርጥሩ።

የምን አለርጂ? «የአቧራ» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ የቤት አቧራ ግን የብዙ ነገር ቅልቅል ነው። ለአንድ ሳምንት መቼና የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚብስብዎት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ከታች ያለውን የደረደርኩት በዚያ ዓይነት ማስታወሻ መሠረት ነው።

ከእንቅልፍ ሲነሱ ወይም አልጋ ሲያነጥፉ የሚብስ ከሆነ

ተጠርጣሪው ፍራሽና ትራስ ነው። ሐኪሞች ደስት ማይት የሚሏቸው፣ ከመዥገር ጋር የሚዛመዱ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ ፍጥረታት እዚያ ይኖራሉ። ምግባቸው ከገላችን የሚረግፈው ቅርፊት ነው። አይናከሱም፤ ጠዋት ተነክሰውና ቆዳዎ አብጦ ከተነሱ ጉዳዩ የትኋን ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ወሬ። የሚያስነጥሰን በዋናነት የማይቶቹ ኩስ ነው።

ውኃ አይጠጡም፤ እርጥበት የሚያገኙት ከአየር ነው። ስለዚህ የአዳማ በጋ አይመቻቸውም። ፍራሹ ግን ሌላ አገር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በላባችንና በትንፋሻችን እናረጥበዋለን። ክረምት ሲገባ ይራባሉ፤ በጋ ላይ ቢያልቁ እንኳ ኩሳቸው ውስጡ ይቀራል።

መፍትሄው ከትራስ ይጀምራል፤ ፊታችን ሌሊቱን የሚያድረው እሱ ላይ ነውና። እኔ መጀመሪያ የጣልኩት ዕድሜው የማይታወቅ የጥጥ ትራሴን ነበር። ከዚያ ፍራሹንና ትራሱን ዙሪያውን በዚፕ በሚዘጋ፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ያልብሱ፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ካጡ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። አዲስ ፍራሽ ገዝተው ላስቲኩን ሳያወልቁ በሚተኙ ሰዎች ስስቅ ኖሬያለሁ። ያልባቸዋል እንጂ፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይሻሉ ነበር።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ይታጠቡ። ማይቱን የሚገድለው 60 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኩሱን ያጥባል እንጂ እነሱን አይገድልም። ማሽን ከሌለ በጣም የሞቀ ውኃ ሳፋ ውስጥ አድርገው ልብሱን ይዘፍዝፉ፣ በእንጨት ያማስሉ፣ ለእጅ ሲበርድ ይሹት። ብርድ ልብስም እንዳይረሳ፤ አንሶላው በየሳምንቱ እየታጠበ እሱ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ የሚቆይበት ቤት ብዙ ነው።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ጥሩም ነው፣ እርጥበቱን ያደርቀዋል። ኩሱን ግን ፀሐይ አያነሳውም፤ መመታት አለበት። የሚመታው ደጅ ነው፤ የሚመታውም አለርጂ የሌለበት ሰው፣ አፍንጫውን ሸፍኖ። ደግሞ ከእንቅልፍ እንደተነሱ አልጋውን ወዲያው አያንጥፉ፤ ቁርስ እስኪበሉ ተገልጦ ይናፈስ።

ነፋስ ሲነሳ ወይም በጽዳት ቀን የሚብስ ከሆነ

አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የተባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት እዚሁ አጠገባችን ነው። ቦታው የተመረጠው ነፋስ ስላለው ነው፤ ያው ነፋስ የባጃጁን መንገድ አቧራና የአበባ ብናኝ ይዞ በመስኮታችን ይገባል። ነፋስ ሲነሳ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ይዝጉ፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ይክፈቱና ቤቱን ያናፍሱ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያስገቡ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ።

የጽዳት ቀን የሚብስበት ሰው ደግሞ ጥፋቱ የመጥረጊያው ነው። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንስቶ አየር ላይ ያሳድረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ተጠርጎ ቅዳሜ ማታ የሚያስነጥሰው ለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፦ መጀመሪያ የቁም ሣጥኑን አናት በእርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ወለሉን በእርጥብ መወልወያ። ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ለዚህ ይመቻል፤ ወፍራም ምንጣፍ ግን ከመኝታ ክፍል ቢወጣ እመርጣለሁ። ከጨርቅ የተሠራ ኮርኒስ ካለዎት፣ አይጥ በሮጠ ቁጥር የሚረግፈው ከዓመታት የተከማቸ ነው፤ ቀዳዳውን ይድፈኑ።

ግቢ ሲያርሙ ውለው እጅ፣ አንገትና ፊት የሚያሳክክ ከሆነ

ቅንጨ አረም መሆኑን ይመልከቱ፤ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለው፣ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው፣ በየመንገዱ ዳርና በባዶ ቦታው የሞላው አረም ነው። ቆዳን ያቆጣል፣ ብናኙም ያስነጥሳል። ሳያብብ፣ ጓንት አድርገው፣ ከነሥሩ ይንቀሉት፤ አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ሲጨርሱ ልብስዎን ቀይረው ይታጠቡ፤ በዚያው ልብስ አልጋ ላይ ጋደም ማለት አረሙን ቤት ማስገባት ነው።

ክረምት ላይ ቤቱ የእርጥበት ሽታ ካለው

ከዙሪያችን ካለው ተራራ ወርዶ ከተማዋን የሚያጥለቀልቀውን ጎርፍ የማያውቅ አዳሜ የለም። ውኃው ከሄደ በኋላ ግድግዳው ሥር እርጥበቱ ይቀራል፤ ከዚያ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። ብሎኬት ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሁሉ ግን ሻጋታ አይደለም። ውኃ ጠብ ያድርጉበት፦ ሟምቶ ከጠፋ ከግድግዳው የወጣ ጨው ነው፤ የጨው ጥፋት እርጥበት እንዳለ መናገሩ ብቻ ነው።

ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ የውኃው መግቢያ ይዘጋ፦ የሚያፈሰው አሸንዳ፣ የተደፈነው ቦይ፣ የላላው ቧንቧ። ከዚያ በሳሙናና በውኃ ፈግፍገው ያድርቁት። በረኪና ከተጠቀሙ መስኮት ይከፈት፤ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት።

ማድቤት ውስጥ ወይም ሌሊት የሚያስል ከሆነ

በረሮ የሚጠላው ለመልኩ ብቻ አይደለም። ኩሱ፣ ምራቁና የተሰባበረ አካሉ አለርጂ ያስነሳል፤ በተለይ አስም ያለባቸውን ልጆች ያስቸግራል። ፍሊት መንፋት እፎይታው የአንድ ሌሊት ነው፤ ጭሱ ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። ማታ ዕቃ ሳይታጠብ አይደር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይጠገን፣ ቆሻሻው ይከደን። በረሮ የሚበላው ጄል ወይም ጥቂት ቦሪክ አሲድ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ፍሪጁ ኋላና ምድጃው ሥር ይቀመጥ። ካለቁ በኋላ ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፤ የሞተ በረሮም ያስነጥሳል።

ድመት ሲጠጋ ዓይን የሚያቀላ ከሆነ

ጥፋቱ የፀጉሯ ሳይሆን የምራቋና የቆዳ ቅርፊቷ ነው። ለአይጥ የምታስፈልግዎት ከሆነ ደጅ ትዋል፣ መኝታ ክፍል ግን አትግባ። ለሌላ ሰው ቢሰጧትም ቤት ውስጥ የተወችው ነገር ለወራት ስለሚቆይ ወዲያው ለውጥ አይጠብቁ።

ቡና በተፈላ ቁጥር የሚብስ ከሆነ

ይህ አለርጂ ላይሆን ይችላል። የዕጣንና የከሰል ጭስ ቀድሞ የተቆጣ አፍንጫንና ሳንባን ያባብሳል፤ ምልክቱም ይመሳሰላል። ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉት፤ ዕጣኑ ይቅር ለማለት ድፍረቱ የለኝም፣ ግን ትንሽ ይሁን፣ መስኮትም ይከፈት። በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል ከማስነጠስ አልፎ ይገድላል። የበዓል ጉዝጓዝም በማግስቱ ይነሳ፤ የሰነበተ ቄጠማ ደርቆ ይበናል፣ ሥሩም ይሻግታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይሻል ከሆነ

ፍራሹን ዛሬ አልብሰው ነገ ለውጥ አይፈልጉ፤ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ደረት ሲር ሲር የሚል፣ ሌሊት በሳል የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሳይጠብቁ ይታከሙ፤ አስም ሊሆን ይችላል። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለቀጠሮ ሲሄዱ ያንን የሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይግቡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት መቼና የት እንደሚብስብዎት ነው።