ስክሪፕቱ «ፋይሉ የለም» ሲል፦ መጀመሪያ ስፔሱን እዩ

ምልክቱ፦ ፋይሉ ዓይናችሁ ስር ተቀምጧል። የባሽ (ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ስክሪፕታችሁ ግን የስሙን ግማሽ ጠርቶ «የለም» ይላል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ስፔስ ነው። ባሽ ጥቅስ ውስጥ ያልገባ ቫሪያብል (የፋይሉን ስም የያዘ፣ በ$ የሚጠራ መያዣ) ሲያገኝ በውስጡ ያለውን ስም ስፔሱ ላይ ይቆራርጠዋል። «የለም» ካለማ ተርፋችኋል። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ደመወዝ» እና «ደመወዝ የድሮ» የሚባሉ ፎልደሮች ነበሩ። የድሮውን እንዲያጠፋ የተጻፈው ስክሪፕት ለአርኤም (rm፣ የማጥፊያው ትእዛዝ) ሁለት ስም አቀበለው፦ «ደመወዝ» እና «የድሮ»። «የድሮ» የሚባል ነገር የለም። በግድ አጥፋ ስለተባለ ግን አርኤም አላጉረመረመም። ዋናውን «ደመወዝ» ጠርጎት ወጣ። የድሮው ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል! የዚያን ወር ሒሳብ ከወረቀት ለቅመው ሠሩት።

መፍትሄው፦ ቫሪያብሉን ከነዶላር ምልክቱ ድርብ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። ሁሌም። «የኔ ፎልደር ስፔስ የለውም» አትበሉ፤ ነገ ሌላ ሰው ስም ይሰጠዋል። ነጠላ ጥቅስ አይሠራም፤ ቫሪያብሉን ሳይፈታ እንዳለ ያሳልፈዋል። «ማንኛውም ስም» የሚለው ኮከብ (*) ካለ ከጥቅሱ ውጪ ይቅር፤ ውስጥ ከገባ ተራ ምልክት ይሆናል። የኤልኤስን (ls፣ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣው ትእዛዝ) ውጤት በፎር ሉፕ (for፣ አንድ በአንድ መዞሪያ) የምትዞሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። ፎሩ ላይ ኮከቧን በቀጥታ ስጡት።

ከማጥፋታችሁ በፊት በኢኮ (echo፣ የተሰጠውን ስክሪን ላይ የሚጽፈው ትእዛዝ) አትፈትሹ። የተቆራረጠውን በስፔስ መልሶ ስለሚያገጣጥመው ደህና ይመስላችኋል። በፕሪንትኤፍ (printf) እያንዳንዱን ስም በየራሱ መስመር አውጡት። ሼልቼክ (ShellCheck) የሚባለው ስክሪፕት መርማሪም ጥቅስ የረሳችሁበትን ቦታ ያሳያል፤ ነፃ ነው፣ ጫኑት።

በዳሽ የሚጀምር ስም፦ ትእዛዙ አማራጭ ይመስለዋል። ፊቱ ላይ ./ ጨምሩ።

ፓወርሼል (የዊንዶውሱ ትእዛዝ ተቀባይ) ላይ [ ] ያለበት ስም፦ ሊተራልፓዝ (-LiteralPath) የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ።

ስክሪፕቱ ውስጥ የጻፋችሁት የአማርኛ ፎልደር ስም በፓወርሼል 5.1 ከተበላሸ፦ ስክሪፕቱን በዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ የፊደል አጻጻፍ ኮድ) ከነቦሙ (BOM፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ኮዱን የሚናገር ምልክት) ሴቭ አድርጉት።

«ስሙ ረዝሟል» ካለ፦ የሊኑክሱ ፋይል ማስቀመጫ ሥርዓት ኤክስት4 (ext4) ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ 85 ፊደል ላይ አለቀ ማለት ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ግን 255 ፊደል ይችላል። የደብዳቤውን ርዕስ በሙሉ የፋይል ስም የሚያደርጉ ሰዎች ጉዱን የሚያዩት ወደ ሊኑክስ ሲገለብጡ ነው። አሳጥሩት።

«ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠን ፋይል «ጸሀይ» ብላችሁ ብትጠሩት አይገኝም። ለኮምፒውተሩ ሌላ ስም ነው። አትተይቡት፣ ኮፒ አድርጉት።