የቦይለር ነዳጅ ፍጆታን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

የአገራችን መብራት በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው። ስለዚህ የካርቦን ልቀቱን መቀነስ የሚፈልግ ፋብሪካ አምፖል ከመቀየሩ በፊት ነዳጅ እያቃጠለ ውኃን ወደ እንፋሎት የሚለውጠውን ቦይለሩን ይመልከት። ከአንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የልብስ ማጠቢያና የማብሰያ ክፍላቸው በእንፋሎት የሚሠራ ሆቴሎችና ሆስፒታሎችም በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላሉ።

መጀመሪያ መዝገብ ይክፈቱ። የቀኑን ነዳጅና የቀኑን ምርት ጎን ለጎን ይጻፉ። የነዳጅ ደረሰኝ ብቻውን ያታልላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ነዳጁም ስለሚቀንስ የቆጠባችሁ ይመስላል። የሚፈለገው ለአንድ ኪሎ ወይም ለአንድ ሜትር ምርት ስንት ሊትር እንደሄደ ማወቅ ነው።

ቀጥሎ የእንፋሎት መስመሩን ተከትለው ይሂዱ። ማሽኖች ቆመው ቦይለሩ ሲሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያፈስ ቦታ ያኔ ድምፁ ይሰማል። ባገኙት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። በእጅ ለመዳሰስ ግን ፈጽሞ አይሞክሩ። ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ከቀዳዳው ሲወጣ ለዓይን አይታይም፣ ክፉኛም ያቃጥላል።

ስቲም ትራፖችን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ብዙ ነዳጅ ሳይታወቅ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የትራፕ ሥራ ወደ ውኃ የተለወጠውን እያስወጣ እንፋሎቱን መያዝ ነው። ተከፍቶ ከቀረ እንፋሎቱ ሥራ ሳይሠራ ያልፋል። ተዘግቶ ከቀረ ውኃ ይጠራቀማል፣ ማሽኑ አይሞቅም፣ ቧንቧውም ይንኳኳል። ከትራፖቹ የወጣው ውኃ የሚጠራቀምበት የተመላሽ ውኃ ታንከር ማስተንፈሻው ያለማቋረጥ በኃይል እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ የተበላሸ ትራፕ እንዳለ ይጠርጥሩ።

ሙቀት እንዳያመልጥ ራቁቱን የቀረውን የእንፋሎት መስመር ይሸፍኑ። ቧንቧው ተሸፍኖ ቫልቩና ፍላንጁ (የቧንቧው መጋጠሚያ) ባዶውን ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ለጥገና በተደጋጋሚ ይፈታሉ። ለእነዚህ የሚወልቅና የሚመለስ መሸፈኛ አለ።

ከትራፖቹ የሚወጣውን ትኩስ ውኃ ወደ ቦይለሩ ይመልሱ። ወደ ቦይለሩ የሚገባው የመጋቢ ውኃ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር 1 በመቶ ያህል ነዳጅ ይተርፋል። ከ30 ወደ 80 ዲግሪ ማድረስ ማለት 8 በመቶ ገደማ ነው። ውኃው ቀለም ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ግን አይመለስም፤ ሙቀቱን ብቻ በሙቀት መለዋወጫ ይውሰዱ።

ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥለውን በርነር መጨረሻ ላይ ያስተካክሉ። ብዙዎች ከዚህ ይጀምራሉ። ነገር ግን ብክነቱ ሲዘጋ የቦይለሩ ጫና (ከእሱ የሚጠየቀው የእንፋሎት መጠን) ስለሚቀንስ ማስተካከያው እንደገና ይፈርሳል። ሥራው የጭስ መለኪያ ላለው ባለሙያ ይሰጥ። አየር ሲበዛ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሲያንስ ደግሞ ጥቀርሻና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የጭሱን ሙቀት በየቀኑ ይመዝግቡ። ጫናው ሳይጨምር ሙቀቱ እያደገ ከሄደ የቦይለሩ ቧንቧዎች ጥቀርሻ ወይም የውኃ ዝቃጭ ይዘዋል ማለት ነውና ይጽዱ።